የአንድ ማሽን ጌም ለማን ይበጃል?

በኦክቶበር 2025 (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ማይክሮሶፍት የመጀመሪያውን የ«ሄሎ» ጌም እንደ አዲስ ሠርቶ በተቀናቃኙ በሶኒ ማሽን በፕሌይስቴሽን 5 ላይም እንደሚያወጣው አስታወቀ። የጌሙን ዓለም ለማይከታተል ሰው ይህ ተራ የንግድ ዜና ነው። ለሚከታተል ግን የአንድ ዘመን ማብቂያ ነው። «ሄሎ» በ2001 ከማይክሮሶፍት ማሽን ከመጀመሪያው ኤክስቦክስ ጋር አብሮ ገበያ የወጣ፣ ብዙ ሰው ማሽኑን የገዛበት ምክንያት ነው። ቀደም ብሎ ደግሞ በ1999 ስቲቭ ጆብስ በአፕል መድረክ ላይ ለማክ ኮምፒውተር የሚመጣ ጌም ብሎ አስተዋውቆት ነበር፤ ማይክሮሶፍት በ2000 የሠሪውን ድርጅት ባንጂን ሲገዛው ነው አቅጣጫው የተለወጠው። አንድ ጌም ለአንድ ኮንሶል ብቻ መወሰን አለበት ወይ የሚለው ክርክር በተጫዋቾች ዘንድ አብዛኛውን ጊዜ የቡናና የጊዮርጊስ ክርክር ነው፤ እያንዳንዱ የገዛውን ማሽን ይደግፋል፣ ገንዘቡን አውጥቶበታልና። ከዚያ ወጥተን ካየነው ግን ጥያቄው «ይፈቀድ ወይስ ይከልከል» በሚል አይመለስም። መታየት ያለበት ይህን የአንድ ማሽን አጥር ያጠረው ማን እንደሆነ ነው፤ ወደ ገበያው ገና የሚገባው ነው ወይስ ገበያውን አስቀድሞ የያዘው? በእኔ እምነት ለመጀመሪያው የሚገባው መሣሪያ ለሁለተኛው አይገባም።

አጥሩ ሲጀመር ምክንያት ነበረው። በ1983 የሰሜን አሜሪካ የጌም ገበያ ወደቀ፤ ለአታሪ ማሽን ማንም እየተነሣ የማይረባ ጌም ስላሳተመ ሱቁ በርካሽ ካርትሪጅ ተጥለቅልቆ ገዢው ተስፋ ቆረጠ። ኒንቴንዶ በ1985 አሜሪካ ሲገባ ይህ እንዳይደገም ማሽኑ ውስጥ መቆለፊያ ቺፕ አስገባ፤ ኩባንያው ያልፈቀደው ካርትሪጅ አይነሣም። ፈቃድ ያገኘውም አሳታሚ በዓመት ከአምስት ጌም በላይ እንዳያወጣ፣ ያወጣውንም ለሁለት ዓመት ለሌላ ማሽን እንዳይሰጥ በውል ይታሰር ነበር። የአምስቱ ገደብ ጥራትን ለማስጠበቅ ነው ቢባል ያስኬዳል። የሁለት ዓመቱ እገዳ ግን ከጥራት ጋር ምን ያገናኘዋል? በኒንቴንዶ ላይ ጥሩ የሆነ ጌም በተቀናቃኙ በሴጋ ላይ ሲወጣ አይበላሽም። የተበላሸው የሴጋ ዕድል ነው፤ ውሉም የታሰበው ለዚሁ ነበር።

በእርግጥ ሁሉም አጥር በውል የታጠረ አይደለም፤ አንዳንዱን ያጠረው ማሽኑ ራሱ ነው። ስኩዌር የተባለው የጃፓን ኩባንያ በ1997 የወጣውን «ፋይናል ፋንታሲ 7» ለሶኒ ይዞ ሲሄድ ለዓመታት የኒንቴንዶ ወዳጅ ነበር። ነገር ግን ኒንቴንዶ 64 ካርትሪጅ እንጂ ሲዲ አይወስድም፤ ጌሙ ደግሞ ሦስት ሲዲ ሞልቷል። በዚያ ዘመን ማሽኖቹ እርስ በርስ የማይመሳሰሉ ስለነበሩ አንዱን ጌም ለሌላው ማሽን ማስማማት እንደገና ከመሥራት ብዙም አይተናነስም ነበር። ዛሬ ፕሌይስቴሽን 5ም ሆነ ኤክስቦክስ ሲሪስ ኤክስ ልባቸው ከአንድ ኩባንያ፣ ከኤኤምዲ፣ የመጣ የአንድ ትውልድ ቺፕ ነው። ኒንቴንዶ የራሱን መንገድ ይዟል፤ በሁለቱ መካከል ግን ከቀረው አጥር አብዛኛውን ያቆመው የኩባንያዎቹ ፍላጎት ነው። ስለዚህ «ቴክኒኩ አይፈቅድም» የሚለው የድሮ መልስ ዛሬ ብዙም አያስኬድም።

ወደ ዋናው ማስረጃ ልምጣ። ሮቢን ሊ የተባለው ኢኮኖሚስት በ2013 በአሜሪካን ኢኮኖሚክ ሪቪው ባሳተመው ጥናት የፕሌይስቴሽን 2፣ የኤክስቦክስና የኒንቴንዶውን ጌምኪዩብ ፉክክር መርምሮ አንድ ጥያቄ ጠየቀ፦ ማሽን ሠሪዎቹ ጌምን ለራሳቸው ማሽን ብቻ ማሰር ባይችሉ ኖሮ ምን ይፈጠር ነበር? ባገኘው ስሌት መሠረት የማሽን ሽያጭ በ7 በመቶ፣ የጌም ሽያጭ ደግሞ በ58 በመቶ ያድግ፣ ተጠቃሚውም 1.5 ቢሊዮን ዶላር የሚገመት ጥቅም ያገኝ ነበር። እዚህ ላይ ቢያበቃ ፍርዱ ቀላል ነው፤ አጥሩ ሁሉ ይፍረስ። ጥናቱ ግን አያበቃም። ከማሽን ሠሪዎቹ ወገን ትርፉ ሊሄድ የነበረው ገበያውን አስቀድሞ ለያዘው ለፕሌይስቴሽን 2 ብቻ ነው፤ ዘግይተው የገቡት ኤክስቦክስና ጌምኪዩብ የያዟትን ያህል ገበያ ያገኙት የራሳቸው ብቻ የሆኑ ጌሞች ስለነበሯቸው ነው። ነገሩ ሲታሰብ ግልጽ ነው። ሁሉም ማሽን አንድ ዓይነት ጌም ቢያጫውት ኖሮ ጓደኞቹ ሁሉ ፕሌይስቴሽን የያዙ ልጅ ኤክስቦክስ የሚገዛበት ምክንያት አልነበረውም። ይህ ጥናት የሁለቱንም ወገን ክርክር ያፈርሳል ብዬ አምናለሁ። አጥር ገዢውን አይጎዳም የሚለው ሐሰት ነው፤ ጎድቶታል። አጥር ሁልጊዜ ለጉልበተኛው ይጠቅማል የሚለውም ሐሰት ነው፤ በዚያ ዘመን የጠቀመው ደካማውን ነው። ገዢው ዛሬ የሚከፍለው ዋጋ ነገ ሁለትና ሦስት አማራጭ እንዲኖረው የሚያደርግ ከሆነ ዋጋው ይቻላል። አማራጭ የማያመጣ ከሆነ ግን ለምን ይከፍላል?

ከዚህ የሚከተለው ሁለተኛው መለኪያ ገንዘቡ የወጣው ጌም ለመፍጠር ነው ወይስ ጌም ለመንፈግ የሚለው ነው። «ባዮኔታ» በ2009 በፕሌይስቴሽን 3ና በኤክስቦክስ 360 ላይ የወጣ ጌም ነው። ተከታዩን ለመሥራት ገንዘብ ሲጠፋ ኒንቴንዶ ወጪውን ሸፍኖ በ2014 «ባዮኔታ 2»ን ዊ ዩ በተባለው ማሽኑ ላይ ብቻ አወጣው። የቀድሞዎቹ ተጫዋቾች ተናደዱ፤ ንዴታቸው ይገባኛል፣ ግን የተነጠቁት ነገር የለም። ኒንቴንዶ ባይከፍል ጌሙ በማንም ማሽን ላይ አይኖርም ነበር። በተቃራኒው «ራይዝ ኦፍ ዘ ቱም ሬይደር» በ2015 በኤክስቦክስ ላይ ሲወጣ የፕሌይስቴሽን ባለቤቶች አንድ ዓመት ያህል እንዲጠብቁ ተደርጓል። «ቱም ሬይደር» ከ1996 ጀምሮ በፕሌይስቴሽን ላይ ያደገ፣ ገበያ የማያጣ ስም ነው፤ ጌሙም ያለዚያ ውል ይሠራ እንደነበር ለመገመት አያስቸግርም። እዚህ ላይ ገንዘቡ በዋናነት የገዛው የሌላውን ሰው ጥበቃ ነው። ማይክሮሶፍት ራሱ በ2022 ለብራዚል የውድድር ባለሥልጣን ባቀረበው ሰነድ ሶኒ ጌሞች በኤክስቦክስ የወርሃዊ ክፍያ አገልግሎት እንዳይገቡ ለአሳታሚዎች ይከፍላል ሲል ከስሶታል። ሁለቱም እጃቸው ንጹሕ አይደለም ማለት ነው፤ ስለዚህም ለአንዱ ኩባንያ ጥብቅና መቆም ከንቱ ልፋት ይመስለኛል።

በዚህ ሐሳብ ላይ የሚነሣው ጠንካራ ተቃውሞ የጥራት ነው። ኒንቴንዶ «ዜልዳ»ን፣ ሶኒ «ጎድ ኦፍ ዎር»ን በዚያ ትጋት የሚሠሩት ማሽን ስለሚያሸጥላቸው ነው፤ ያ ማባበያ ከተነሣ ማን ያን ያህል ገንዘብ ያፈሳል ይባላል። ተቃውሞው ለብዙ ዓመታት ትክክል ነበር፤ ለኒንቴንዶ ዛሬም ይሠራል። ለሌሎቹ ግን ሒሳቡ ተገልብጧል። በ2023 በአሜሪካ ፍርድ ቤት ማይክሮሶፍት አክቲቪዥን ብሊዛርድ የተባለውን አሳታሚ የመግዛቱ ጉዳይ ሲታይ በእስክሪብቶ በደንብ ባልተሰረዘ የሶኒ ሰነድ ላይ «ዘ ላስት ኦፍ አስ 2» 220 ሚሊዮን፣ «ሆራይዘን ፎርቢደን ዌስት» 212 ሚሊዮን ዶላር እንደፈጁ ዓለም አነበበ። ይህን ያህል ገንዘብ ከአንድ ማሽን ባለቤቶች ብቻ ለቅሞ መመለስ እየከበደ ነው። «ፋይናል ፋንታሲ 16» በ2023 በፕሌይስቴሽን 5 ላይ ብቻ ወጥቶ ኩባንያው የጠበቀውን ያህል አልሸጠም፤ የጌሙ ባለቤት ስኩዌር ኢኒክስም በ2024 ዋና ዋና ጌሞቹን በብዙ ማሽን ላይ ወደ ማውጣት እንደሚዞር አስታወቀ። የሶኒው «ሄልዳይቨርስ 2» በዚያው ዓመት በፕሌይስቴሽንና በኮምፒውተር በአንድ ቀን ወጥቶ በ12 ሳምንት 12 ሚሊዮን ቅጂ ሲሸጥ፣ በኦገስት 2025 ደግሞ ሶኒ ራሱ ወደ ኤክስቦክስ አሻገረው። አጥር ለትልቅ ጌም መሠራት ግዴታ ቢሆን ኖሮ ይህን የሚያደርግ ነጋዴ አይገኝም ነበር።

ሌላው ተቃውሞ ከባድ ነው፤ ሙሉ መልስ አለኝም አልልም። ማይክሮሶፍት ጌሞቹን ወደ ፕሌይስቴሽን በለቀቀ ቁጥር ኤክስቦክስን የመግዛት ምክንያት ይቀንሳል፤ ኤክስቦክስ ሲዳከም ደግሞ ሶኒ ብቻውን ይቀርና ዋጋውን እንደፈለገ ይሰቅላል። ከጠቀስኩት ጥናት የሚወጣውም ፍርሃት ይኸው ነው። ሆኖም አጥሩን ያነሣው ማን እንደሆነ ልብ ይበሉ፤ የተሸነፈው ነው። ደካማው በፈቃዱ መሣሪያውን ሲያስቀምጥ ጉልበተኛው መሣሪያውን ይዞ መቅረቱ ነው ችግሩ። የውድድር ባለሥልጣናት እስካሁን የተመለከቱት ሌላውን አቅጣጫ ነው። ማይክሮሶፍት አክቲቪዥንን በ68.7 ቢሊዮን ዶላር ሊገዛ ሲል አሜሪካና እንግሊዝ ወደ ሁለት ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ የተጨነቁት የአክቲቪዥኑ ጌም «ኮል ኦፍ ዲዩቲ» ከሌሎች መድረኮች እንዳይነጠቅ ነበር፤ መጨረሻ ላይ ለሶኒና ለኒንቴንዶ የአሥር ዓመት ውል ተፈረመ። መልካም ነው። ግን ገበያውን የሚመራው ኩባንያ ከሌሎች አሳታሚዎች ጋር በየጊዜው የሚዋዋለውን የእገዳ ውል ማን ይመረምረዋል? ለዚህ መነሻ የሚሆን ታሪክ አለ። በ1948 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በፓራማውንት ጉዳይ በሰጠው ውሳኔ ትልልቆቹ የፊልም ስቱዲዮዎች ከሲኒማ ቤቶቻቸው እንዲለያዩ መንገድ ከፍቷል። ፊልም የሚሠራውና ፊልም የሚያሳየው አንድ ሲሆን ተመልካቹ እንደሚጎዳ ያኔ ታውቋል። ጌም የሚሠራውና ማሽኑን የሚሸጠው አንድ ሲሆን የተለየ ነገር የሚፈጠርበት ምክንያት አይታየኝም።

አጥር ጊዜ ሊወሰንለት የሚገባበት ሌላም ምክንያት አለ፤ ማሽን ይሞታል። የአሜሪካው የቪዲዮ ጌም ታሪክ ፋውንዴሽን በ2023 ባወጣው ጥናት መሠረት በአሜሪካ ከ2010 በፊት ከወጡት ጌሞች 87 በመቶው በዚያን ጊዜ በሕጋዊ መንገድ ገበያ ላይ አይገኙም ነበር። በዚያው ዓመት ማርች ኒንቴንዶ የዊ ዩና የ3ዲኤስ ማሽኖቹን የኢንተርኔት መደብሮች ዘጋ። በ2008 የወጣው «ሜታል ጊር ሶሊድ 4» ከፕሌይስቴሽን 3 ጋር ተጣብቆ ከ15 ዓመት በላይ ቆይቷል። ከአንድ በላይ ማሽን ላይ የወጣ ጌም የመትረፍ ዕድሉ ይሰፋል፤ ለአንዱ ብቻ የተሠራው የዚያን ማሽን ዕድሜ ነው የሚኖረው።

ለኢትዮጵያዊው ተጫዋች ይህ ክርክር የሩቅ ሊመስል ይችላል። በየከተማው ፕሌይስቴሽን ቤት በብዛት የሚታየው የእግር ኳስ ጌም ነው፤ እሱ ደግሞ በሁሉም ማሽን ላይ ይወጣል። ነገር ግን ኢትዮጵያ የሶኒ የኢንተርኔት አገልግሎት በይፋ ከማይሠራባቸው አገሮች አንዷ ናት፤ ያ ምን ማለት እንደሆነ በሜይ 2024 ታይቷል። ሶኒ «ሄልዳይቨርስ 2»ን በኮምፒውተር የሚጫወቱ ሁሉ የፕሌይስቴሽን አካውንት እንዲያገናኙ አዘዘ፤ ወዲያውም ጌሙ አገልግሎቱ በሌለባቸው ከ170 በላይ አገሮችና ግዛቶች ከኮምፒውተር ጌም መደብሩ ከስቲም ተነሣ። የተጫዋቾች ቁጣ ትእዛዙን በቀናት ውስጥ አስቀለበሰው። ባለ ማሽኑ ኩባንያ የማያውቀው አገር ዜጋ በአንድ ማሽን ወይም በአንድ አካውንት የታጠረ ጌም ሲያጋጥመው ሁለት ጊዜ ነው የሚታገደው፤ አንዴ በማሽኑ ዋጋ፣ አንዴ በአድራሻው። ከዱባይ ወይም ከዋሽንግተን በዘመድ ሻንጣ የመጣ ኮንሶል የመጀመሪያውን እንቅፋት ያልፋል፤ ሁለተኛውን ግን አያልፍም።

ስለዚህ ሕግ አውጪ ብሆን የምጠይቀው ብዙ አይደለም። ኩባንያው ከኪሱ አውጥቶ ያስፈጠረውን ጌም ለተወሰኑ ዓመታት ለራሱ ማሽን ያቆየው፤ ያለ እሱ ገንዘብ የሚወጣን ጌም ለማገድ የሚፈረም ውል ግን ገበያውን ለሚመራ ኩባንያ አይፈቀድለት፤ ማንም ቢፈርመው ደግሞ ጌሙ ሲተዋወቅ የእገዳው ርዝመት ለገዢው ይነገረው። ሶኒ ይህን ለመጀመር ሕግ መጠበቅ አያስፈልገውም። በ2015 ያወጣው «ብለድቦርን» የሚያሸጥለትን ማሽን ሁሉ አሽጦለት ጨርሷል፤ እስከ ዛሬ ግን ከፕሌይስቴሽን ውጭ፣ በኮምፒውተር ላይ እንኳ፣ አልወጣም። ይልቀቀው።