የተሳቢ ጎማ በልኩና በዋጋው ብቻ አይመረጥም

ከጅቡቲ ወደብ ዕቃ የሚያስጭን ነጋዴ ስለ ቀረጡና ስለ መድኑ አጥብቆ ይጠይቃል፤ ዕቃው ስለሚመጣበት የተሳቢ ጎማ ግን እምብዛም አይጠይቅም። አንዳንድ ባለንብረቶችም በመኪናው ላይ ያለቀውን ጎማ ወደ ተሳቢው ያዛውራሉ፤ ምክንያታቸውም ተሳቢ ተከታይ እንጂ ጐታች አይደለም የሚል ነው። ይህ አስተሳሰብ ስሕተት ነው። ተሳቢ ባይጐትትም ይሸከማል። ጎማን የሚያፈነዳው ከዐቅም በላይ የሆነ ጭነት፥ የነፋስ ማነስና ሙቀት ሲሆን፥ ከጋላፊ እስከ አዋሽ ያለው ቆላ ደግሞ ሙቀቱን ያብሰዋል።

ስለዚህ ገዢው ከልኩ ሌላ በጎማው ጐን የተጻፈውን የጭነት ቁጥር ማንበብ ይገባዋል። 156/150 የሚል ጎማ ለብቻው ሲገጠም 4000፥ በጥንድ ሲገጠም ግን እያንዳንዱ 3350 ኪሎ ይችላል። የተሠራበትም ጊዜ አለ፤ 2319 ማለት በፈረንጆች 2019 ዓመት በ23ኛው ሳምንት ተሠራ ማለት ነው። በመጋዘን ለዓመታት የተከማቸ ጎማ ጥርሱ ሙሉ ስለ ሆነ አዲስ ይመስላል፤ እንዲያብረቀርቅ የሚቀባውም አይታጣም!

ጥንዶቹም እኩያ ይሁኑ። አንደኛው ከፍ ያለ እንደ ሆነ የጓደኛውን ሸክም ይቀበላል፤ ዝቅ ያለውም እየተጐተተ ያልቃል። ጎሚስታው ይህን አያጣውም፤ የሚያዘው ግን ባለንብረቱ ነው።

ጎማ ሻጮች የጭነቱን ቁጥርና የተሠራበትን ጊዜ በደረሰኙ ላይ ቢጽፉ ወጪ አይጠይቃቸውም። ገዢም ይህን ሳያይ ገንዘቡን አይክፈል፤ ጎማው ሲፈነዳ የሚዘገየው የነጋዴው ዕቃ ቢሆን፥ በአደጋው ላይ ያሉት ሾፌሩና ረዳቱ ናቸውና።