ስኮርታ የሌለው መኪና ማንን ይጠቅማል?

አዲስ አበባ ውስጥ የኤሌክትሪክ መኪና የሚገዛ ሰው ስለ ባትሪው አጥብቆ ይጠይቃል። በአንድ ቻርጅ ስንት ኪሎ ሜትር ይሄዳል፣ ቤት ውስጥ በስንት ሰዓት ይሞላል፣ ስክሪኑ እንግሊዝኛ አለው ወይስ ቻይንኛ ብቻ? የኋላውን በር ከፍቶ የወለሉን ክዳን የሚያነሣ ግን ጥቂት ነው። ቢያነሣው ስኮርታ መቀመጥ በነበረበት ቦታ የሚያገኘው አንድ ጠርሙስ ማሸጊያ ፈሳሽና ትንሽ የአየር መንፊያ ነው። ሻጩ ሲጠየቅ መልሱ አንድ ነው፤ «ዘመናዊ መኪና ስኮርታ አያስፈልገውም።»

ይህ አባባል ስሕተት ነው። ከአስፋልት ወርዶ ለማያውቅ የአዲስ አበባ መኪና ለጊዜው ያስኬድ ይሆናል። በከምባታ ካለው የዳምቦያ ገበያ ተነሥቶ ወደ ገጠር ቀበሌ ለሚገባ፣ ወይም ሆሳዕና ውሎ አመሻሽ ላይ ወደ ከምባታ ለሚመለስ ሰው ግን መንገድ ላይ የሚያስቀር ምክር ነው።

መኪና ሲጀመር ስኮርታ አልነበረውም። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ ጎማ የተበሳበት ሰው መንገድ ዳር ተቀምጦ እዚያው ይጠግን ነበር። መላውን ያመጡት ዌልስ ውስጥ በላኔሊ ከተማ ይሠሩ የነበሩት ወንድማማቾች ቶማስና ዋልተር ዴቪስ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1904 ተነፍቶ የተዘጋጀ ጎማ ያለው፣ በተበሳው ላይ የሚታሰር ትርፍ ቸርኬ ሠርተው ለገበያ አቀረቡ። ያኔ የአውሮፓ መንገድ በፈረስ ጫማ ሚስማርና በሾለ ድንጋይ የተሞላ ነበር። የዛሬው የዳምቦያ አሽከርካሪ ያንን መንገድ ያውቀዋል፤ ሻጮች ደግሞ ከ120 ዓመት በፊት ወደነበረው ችግር እየመለሱት ነው።

አምራቾች ስኮርታውን ያወጡበት ምክንያት ግልጽ ነው። ጎማ፣ ቸርኬና ክሪክ ሲደመሩ 20 ኪሎ ግራም አካባቢ ይመዝናሉ። እነሱን ማስቀረት ወጪ ይቀንሳል፣ በወረቀት ላይ የሚጻፈውን የነዳጅ ወይም የባትሪ ቁጠባ ከፍ ያደርጋል፣ ለባትሪም ቦታ ይለቃል። በአሜሪካው የአውቶሞቢል ማኅበር፣ ትሪፕል ኤ፣ ጥናት መሠረት እ.ኤ.አ. በ2006 ሞዴሎች ውስጥ ስኮርታ የሌላቸው 5 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በ2015 ሞዴሎች 36 በመቶ ደረሱ። ማኅበሩ በዚያ አገር እንኳ ጉዳዩን ተቃውሟል። አሜሪካዊው ግን ጎማ ሲበሳበት ስልክ ይደውላል፤ ተጎታች መኪና ይመጣለታል። ከዳምቦያ ወጣ ብሎ ጠጠር መንገድ ላይ የቆመ ሰው ማን ጋር ይደውላል?

ጉዳዩ በኢትዮጵያ የከረረው በቅርቡ ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 የኤሌክትሪክ መኪናዎች ከተጨማሪ እሴት ታክስ፣ ከኤክሳይዝና ከሱር ታክስ ነጻ ሆኑ። ተገጣጥሞ የሚገባው 15 በመቶ፣ በከፊል የተገጣጠመው 5 በመቶ የጉምሩክ ቀረጥ እንዲከፍል፣ ሙሉ በሙሉ ተበታትኖ የሚመጣው ደግሞ ምንም እንዳይከፍል ተወሰነ። በጥር 2016 ዓ.ም የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስትሩ ዓለሙ ስሜ (ዶ/ር) ከኤሌክትሪክ በቀር ሌላ አውቶሞቢል ወደ አገር እንደማይገባ አስታወቁ። ነዳጅ በውጭ ምንዛሪ ለሚገዛ አገር ፖሊሲው ምክንያት አለው። ችግሩ ክርክሩ ሁሉ በቻርጅ ጣቢያና በባትሪ ዕድሜ ላይ ሲያተኩር ጎማው መረሳቱ ነው። ከቻይና በብዛት ከሚገቡት መካከል የቮልስዋገን አይዲ 4፣ የቢዋይዲ ዩዋን ፕላስና የቶዮታ ቢዚ4ኤክስ ስኮርታ ሳይኖራቸው ከፋብሪካ የሚወጡ ናቸው።

በስኮርታው ፈንታ የተሰጠው የማሸጊያ ፈሳሽ ጠርሙስ የሚሠራው እስከ ምን ድረስ ነው? ሚስማር ወይም ቪቴ የጎማውን መሬት የሚረግጥ ክፍል ሲወጋ፣ ቀዳዳውም ከ4 እስከ 6 ሚሊ ሜትር ሳያልፍ ይሠራል። ያኔም በሰዓት ከ80 ኪሎ ሜትር ሳያልፉ እስከ ጎሚስታ ለመድረስ ብቻ ነው። ጎማው ጎኑን ከተቀደደ ፈሳሹ አንዳች አይረዳም። በከምባታና በሀዲያ የጠጠር መንገዶች ደግሞ ጎማ የሚጎዳው በሚስማር ብቻ አይደለም፤ የሾለ ጠጠርና ዝናብ ያጋለጠው የድንጋይ ጠርዝ ጎኑን ይቆርጣል፤ ጉድጓድም ቸርኬ ያጣምማል። በ2003 ዓ.ም ገደማ የተጀመረው ሁሉን አቀፍ የገጠር መንገድ ተደራሽነት ፕሮግራም መኪና ወደማይታወቅባቸው ቀበሌዎች መንገድ አስገብቷል። ትልቅ ሥራ ነው፤ ግን አብዛኛው ጠጠር ነው። ለዚያ መንገድ የተዘጋጀው መድኃኒት ለአስፋልት የተሠራ ጠርሙስ ሆነ።

ጠርሙሱ ላይ የአገልግሎት ማብቂያ ቀን መታተሙም አለ። ያገለገለ መኪና የገዛ ሰው ቀኑ አልፎ ሊያገኘው ይችላል። ፈሳሹ አንዴ ከተረጨ በኋላ ጎሚስታው ጎማውን አውጥቶ፣ አጥቦ፣ አድርቆ ነው የሚጠግነው፤ የአየር ግፊት ጠቋሚውንም ሊደፍነው ይችላል።

«ከሰው ይዋሳል» የሚል ሌላ መልስ አለ። የኢትዮጵያ ሾፌር ለተቸገረ ባልንጀራው ጎማ ማዋሱ የሚያኮራ ልማድ ነው፤ ሚኒባስ ለሚኒባስ፣ አይሱዙ ለአይሱዙ ሲረዳዳ ኖሯል። የሚሠራው ግን ቸርኬው ሲገጥም ነው። የቪትዝ ቸርኬ ባለ 4 ቡሎን ነው። የአይዲ 4 ባለ 5 ሲሆን የቀዳዳዎቹ ክብ ስፋት 112 ሚሊ ሜትር ነው፤ የቶዮታው ቢዚ4ኤክስ ደግሞ 114.3 ሚሊ ሜትር። ዓይን የማይለየው የ2.3 ሚሊ ሜትር ልዩነት መኪናውን ያቆመዋል። ይባስ ብሎ በብዙ አይዲ 4 ላይ የፊተኛው ጎማ ወርድ 235፣ የኋለኛው 255 ሚሊ ሜትር ነው። ዱራሜ ወይም ሀላባ ቁሊቶ ላይ ይህን መጠን ፈልጎ ማግኘት ቀላል አይሆንም።

ክብደቱም ሌላ ነው። አይዲ 4 ከ2 ሺህ ኪሎ ግራም በላይ ይመዝናል፤ የቪትዝን ሁለት እጥፍ። ባትሪው ወለሉ ሥር ስለሆነ ክሪክ የሚገባው አምራቹ ምልክት ባደረገበት ነጥብ ብቻ ነው። ሊረዳ የመጣ ሰው በልማዱ መሃል ሆዱ ላይ ክሪክ ቢያስገባ የመኪናውን ውድ ክፍል ሊጎዳ ይችላል። ስኮርታ የሌለው መኪና ብዙ ጊዜ ክሪክም፣ የቡሎን መፍቻም አይኖረውም። ስለዚህ ጎማውን ፈትቶ በባጃጅ ወደ ጎሚስታ መላክ እንኳ አይቻልም።

የስኮርታ ተቃዋሚዎች አንድ እውነት ይዘዋል፤ ብዙ ሰው ያለውንም ስኮርታ አይጠብቅም። በብዙ ሚኒባስ ሥር የተንጠለጠለው ጥርሱ አልቆ ከመኪናው የወረደ ጎማ ነው። አንዳንዱ ለዕቃ ቦታ ለማግኘት ቤቱ ይተወዋል። ቀጭኑ ጊዜያዊ ስኮርታ 60 ፒኤስአይ ገደማ አየር ይፈልጋል፤ እንደ ሌሎቹ ጎማዎች 30 ብቻ የሚነፋለት ግን ብዙ ነው። ይህ ሁሉ ጥፋት ነው፤ መታረምም አለበት። ቸልተኛ ሾፌር መኖሩ ግን ለጠንቃቃው ስኮርታ መከልከያ ምክንያት አይሆንም።

መንገድ ላይ የቀረ መኪና የሌላውንም ሕይወት ይነካል። ጎማ የተበሳበት ሾፌር ከኋላው ድንጋይና ቅጠል ይደረድራል፤ ሲሄድ ድንጋዩን የሚያነሣው ሁልጊዜ አይደለም። መንገድ መብራት በሌለበት በምሽት የሚመጣው ባጃጅ ወይም ሞተር ያንን ድንጋይ ያገኘዋል። በስኮርታ ሃያ ደቂቃ ይፈጅ የነበረው ችግር ያለ ስኮርታ እስከ ማግስቱ ሊቆይ ይችላል፤ ያን ያህል ጊዜ መኪናው መንገዱን ይዞ ይቆማል።

ስኮርታ የሌለው መኪና የያዘ ሰው እስኪያገኝ ድረስ ሊያደርገው የሚችለው አለ። ለመኪናው የሚሆን ክሪክና መፍቻ ይግዛ፣ አንጸባራቂ ሦስት ማዕዘን ይያዝ፣ የጠርሙሱን ቀን ይይ፣ ቁልቁለት ከመውረዱ በፊት የአየሩን ልክ ይፈትሽ። ጎማው ከተነፈሰ በባዶው አይንዳ፤ ጥቂት መቶ ሜትር የጎማውን ጎን ጨርሶ ያበላሸዋል። ሚስማሩንም ጎሚስታ ሳይደርስ አይንቀል፤ ቀዳዳውን የዘጋው እሱ ነው።

እነዚህ ግን ማስታገሻ ናቸው። ትክክለኛው ነገር ሻጩ መኪናውን ከልኩ ስኮርታ፣ ከክሪክና ከመፍቻ ጋር እንዲያስረክብ ማድረግ ነው። ለኤሌክትሪክ መኪና የቀረጥ ማበረታቻ የሰጠው መንግሥት ይህን በማስገቢያ መስፈርቱ ውስጥ ሊያካትተው ይችላል፤ ሊያካትተውም ይገባል። እዚህ አገር የሚገጣጥሙም በአገሩ መንገድ ልክ ይገጣጥሙ። ገዢው ደግሞ ከመክፈሉ በፊት የኋላውን ወለል ክዳን ያንሣ፤ ስኮርታ ካላገኘ ከነቸርኬው እንዲመጣለት በውሉ ላይ ያስጽፍ፤ ሻጩ እምቢ ካለ አይፈርም።