«ውሃው አልቆበት ነው»

ቢስቲማ ላይ አንዲት እናት የተዝለፈለፈ የአራት ዓመት ልጇን አዝላ ጤና ጣቢያ ደረሰች እንበል። ሲያስቀምጠውና ሲያስመልሰው ነው ያደረው። ዓይኑ ጎድጉዷል፤ ቆዳውን ቆንጠጥ ሲያደርጉት ቶሎ አይመለስም። ነርሷ ግሉኮስ ትሰቅልለትና «አይዞሽ እናት፣ ውሃው አልቆበት ነው» ትላለች። ልጁ ይተርፋል። መዝገቡ ላይስ? «የፈሳሽ እጥረት»። አለቀ።

ጠባችን ከነርሷ ጋር አይደለም፤ ልጁን አድናለች። ጠባችን ከቃሉ ጋር ነው። (ደግነቱ «ድርቀት» ብላ አልጻፈችም፤ አገሬው የሆድ ድርቀት ብሎ ይረዳው ነበር፣ የበሽታው ግልባጭ!) የፈሳሽ እጥረት ውጤት እንጂ መነሻ አይደለም። የተቃጠለን ቤት «አመድ በዝቶበታል» ብሎ እንደመመዝገብ ነው።

ዓለም አቀፉን የበሽታዎች መለያ፣ አሥረኛውን እትም ግለጡት። የፈሳሽ እጥረት ኢ86 ተብሎ ከስኳርና ከእንቅርት ጋር በአንድ ምዕራፍ ተቀምጧል። ኮሌራስ? ኤ00፤ የመጽሐፉ የመጀመሪያ ኮድ። ምንጩ ላልተለየ ተላላፊ ተቅማጥ እንኳ ኤ09 አለለት። ኢ86 ብቻ ከተጻፈ ሪፖርት የሚያነበው ሰው ስለ ምንጭ ውሃና ስለ መጸዳጃ ቤት የሚጠይቅበት ምክንያት የለውም።

ስም መሸሽ ደግሞ ለአገራችን አዲስ አይደለም። ከ1998 ዓ.ም. ጀምሮ ለዓመታት «አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት» ስንባል ኖረናል። በ2008 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ «አተት» የሚለውን ያልሰማ ማን ነበር? ዶ/ር ቴድሮስ አድኃኖም በ2009 ዓ.ም. ለዓለም ጤና ድርጅት ሲወዳደሩ በሚኒስትርነታቸው ዘመን ኮሌራ ተደብቋል የሚል ክስ ተነሣባቸው፤ እሳቸው አስተባብለዋል። በ2011 ዓ.ም. ግን በሽታው ኮሌራ ተብሎ በስሙ ተጠራ። ቱሪስት ይሸሻል፣ ገበያ ይዘጋል ሲባል የነበረው ሁሉ ታለፈና አገር በቦታዋ አለች።

«ስሙ ምን ይፈይዳል? ሕክምናው ያው ኦ.አር.ኤስና ግሉኮስ ነው» የሚሉን አሉ። ለዚያ ልጅ እውነት ነው። በማግስቱ ከዚያው ምንጭ ለሚጠጣው የጎረቤት ልጅ ግን አይደለም። ዓለም አቀፉ የኮሌራ ክትባት ክምችት በወረርሽኝ ጊዜ የሚከፈተው ኮሌራ ነው ብሎ ለጠየቀ እንጂ «ውሃ አለቀባቸው» ላለ አይደለም።

ላቦራቶሪ የለም ማለትም አያዋጣም። ወረርሽኝ ባልታወጀበት ቦታ ሁለት ዓመትና ከዚያ በላይ የሆነው ሰው በአጣዳፊ ተቅማጥ ከባድ የፈሳሽ እጥረት ከደረሰበት ኮሌራ ብሎ መጠርጠር እንደሚገባ የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ ይናገራል። ናሙናው ካሪ ብሌር በሚባለው ማጓጓዣ ያለ ማቀዝቀዣ ለቀናት ይቆያል፤ ደሴ ደግሞ የአማራ ሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ቅርንጫፍ አለ። ስለዚህ «የፈሳሽ እጥረት» ከሚለው ቀጥሎ «በተጠረጠረ ኮሌራ ምክንያት፣ ናሙና ተልኳል» ተብሎ ይጻፍልን። ሌላ አልጠየቅንም።