ኢትዮ ጃዝ በራሱ ዘርፍ ይዳኝ

የሙዚቃ ሽልማት ለምታዘጋጁ፣ በዳኝነት ለምትቀመጡ፣ በገንዘብ ለምትደግፉና ድምፅ ለምትሰጡ ሁሉ፦ በሀገራችን የሙዚቃ ሽልማቶች ውስጥ ለኢትዮ ጃዝ የራሱ ዘርፍ ይከፈትለት። ጥያቄው ይኸው ነው። ማስረጃዬን ግን ከአዲስ አበባ አልጀምርም። ይህንኑ ጥያቄ ከእኛ ቀድመው የጠየቁ፣ ያገኙትን የተነጠቁ፣ ታግለውም ያስመለሱ ሙዚቀኞች ኒውዮርክ ውስጥ አሉ፤ የሚጫወቱት ላቲን ጃዝም ለኢትዮ ጃዝ የቅርብ ዘመዱ ነው።

በኤፕሪል 2011 (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው) የግራሚ ሽልማትን የሚሰጠው ሪኮርዲንግ አካዳሚ 109 የነበሩትን ዘርፎች በአንድ ጊዜ ወደ 78 አወረዳቸው። ከታጠፉት አንዱ የላቲን ጃዝ አልበም ዘርፍ ነበር። ይህ ዘርፍ በ1995 ለመጀመሪያ ጊዜ ለኩባ ተወላጁ ትራምፔት ተጫዋች ለአርቱሮ ሳንዶቫል ከተሰጠ ወዲህ በየዓመቱ ሲሰጥ ቆይቷል። ውሳኔው ውድድሩን ያጠነክረዋል ተባለ፤ የላቲን ጃዝ ሰዎችም ከሌላው ጃዝ ጋር ተጋፍተው እንዲወዳደሩ ተነገራቸው።

ጉዳቱ የሚገባን ሙዚቃው በምን ሕግ እንደሚሄድ ስናውቅ ነው። ላቲን ጃዝ ማለት በጃዝ ላይ ኮንጋ ከበሮ መጨመር አይደለም። ኩባዊው ማሪዮ ባውሳ በ1940ዎቹ መጀመሪያ ኒውዮርክ ውስጥ የማቺቶን ባንድ በሙዚቃ ይመራ ነበር። በ1943 “ታንጋ” የተባለውን ሥራ ሲያመጣ፣ ከጃዝ ባንዶች የተማረውን የትንፋሽ መሣሪያ ቅንብር በኩባ ምት ላይ አስቀመጠው። በ1947 ደግሞ አሜሪካዊው የጃዝ ትራምፔት ተጫዋች ዲዚ ጊሌስፒ የሀቫናውን ከበሮ መቺ ቻኖ ፖዞን ይዞ በካርኔጊ አዳራሽ መድረክ ላይ ወጣ። ይህ ሙዚቃ የተገዛው ለአንድ ነገር ነው፤ ክላቬ ለሚባለው የምት ሥርዓት። በሁለት ባር ውስጥ አምስት ምቶች አሉ፤ በአንደኛው ባር ሦስት፣ በሌላው ሁለት ይወድቃሉ። ፒያኖው፣ ባሱ፣ ትራምፔቱ፣ ከበሮዎቹ ሁሉ ሐረጋቸውን የሚጀምሩትና የሚጨርሱት ለዚህ ሥርዓት ታዝዘው ነው። ለብቻው የሚጫወተው ሰው ጣቱ የቱንም ያህል ቢፈጥን፣ ክላቬውን ከጣሰ አጥፍቷል። ክላቬውን ጠብቆ ሊያመልጥ ሲል ደግሞ አድማጩ ከመቀመጫው ይነሣል። ይህን ያልተማረ ዳኛ ስሕተቱም ልቀቱም አይሰማውም፤ የሚሰማው ሞቅ ያለ ከበሮ ብቻ ነው።

ለዚህ ነው በብሮንክስ ተወልዶ ያደገው የፖርቶ ሪኮ ቤተሰብ ልጅ፣ ከበሮ መቺውና የባንድ መሪው ቦቢ ሳናብሪያ የተነሣው። እሱና ሦስት የሙያ ባልደረቦቹ በዚያው በ2011 አካዳሚውን በኒውዮርክ ፍርድ ቤት ከሰሱ። ክሱ ውድቅ ሆነ። በችሎት ያልተገኘው ግን በሌላ በኩል መጣ። ፊርማ ተሰበሰበ፤ ሙዚቀኞች ሰልፍ ወጡ፤ እንደ ካርሎስ ሳንታና፣ ኸርቢ ሀንኮክና ፖል ሳይመን ያሉ ስመ ጥር ሰዎች ቅሬታቸውን በይፋ አሰሙ። በጁን 2012 አካዳሚው ዘርፉን መለሰ።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ለእኛ ክርክር የማይመች አንድ ነገር አለ፤ ልዝለለው አልፈልግም። ዘርፉ በጠፋበት ወቅት፣ በፌብሩዋሪ 2012 በተሰጠው ሽልማት፣ የላቲን ጃዝ ሙዚቀኞቹ የአርቱሮ ኦፋሪልና የሚጌል ሴኖን አልበሞች በትልልቅ የጃዝ ስብስቦች ዘርፍ ከእጩዎቹ መካከል ነበሩ። “ታዲያ የራሳቸው ዘርፍ ለምን ያስፈልጋቸዋል?” ይባል ይሆናል። ሁለቱ የታዩት ግን በትልቅ ስብስብ ስለመጡ ነው። በአራትና በአምስት ሰው ባንድ የሚጫወተው አብዛኛው የላቲን ጃዝ ሙዚቀኛ የሚወዳደርበት የመሣሪያ ጃዝ አልበም ዘርፍ ለእነሱ ቦታ አልነበረውም። ሁለቱም እጩዎች ቢሆኑ አላሸነፉም። ዘርፉ እንደተመለሰ በ2013 የተሸለመው የክሌር ፊሸር አልበም ነው። ፊሸር ቀድሞ በጃንዋሪ 2012 አርፎ ነበር። የሚሺጋን ልጅ እንጂ የላቲን አሜሪካ ተወላጅ አልነበረም፤ ዕድሜውን ሙሉ ያንን ሙዚቃ አጥንቶ በሕጉ የጻፈ ሰው ነበር። ይህን በተለይ ልብ በሉልኝ። ዘርፉ የተከፈተው ለአንድ ሕዝብ ኮታ አይደለም፤ ለአንድ የሙዚቃ ሥርዓት ነው።

አሁን ወደ ራሳችን ልምጣ። የኢትዮ ጃዝ አባት የሚባለው ሙላቱ አስታጥቄ ከለንደንና ከቦስተን ትምህርቱ በኋላ ኒውዮርክ ሲገባ ያገኘው ይህንኑ የላቲን ጃዝ ዓለም ነው። በ1966 “አፍሮ ላቲን ሶል” የተሰኙትን ሁለት አልበሞች ሲቀርጽ ባንዱን “የኢትዮጵያ ኩዊንቴት” ብሎ ሰየመው፤ አብረውት የተጫወቱት የፖርቶ ሪኮ ሙዚቀኞች ነበሩ። ኮንጋውና ቪብራፎኑ ወደ አዲስ አበባ የመጡት ከዚያ ነው። ያንን ዘመን የሚያውቁ ሰዎች ይህን ዝምድና ሲናገሩ ሰምቻለሁ፤ ወጣቶቻችን ግን እምብዛም አያውቁትም፤ ያሳዝነኛል።

የእኛ ጃዝም እንደ ዘመዱ የራሱ ሕግ አለው። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ በአምስት ድምፅ የሚሄዱ ቅኝቶች ናቸው። ምዕራባዊው ጃዝ ግን በአሥራ ሁለቱም ድምፆች እየተንሸራሸረ ስምምነት ይሠራል። ከቅኝቱ በታች ኮርድ ሲቀመጥ ቅኝቱ በቀላሉ ይሞታል፤ አንድ የተሳሳተ ድምፅ ከገባ ትዝታው ትዝታ መሆኑ ይቀራል። የኢትዮ ጃዝ አቀናባሪ ጥበብ ቅኝቱን ሳይገድል ከሥሩ ሰፊ ቤት መሥራቱ ነው። ምቱም እንዲሁ ነው። ችክችካ በሚባለው የስድስት ምት አካሄድ ላይ ባሱ የት እንደሚያርፍ፣ ሳክስፎኑ የት ዘግይቶ እንደሚገባ የሚለየው ያደገበት ወይም አጥብቆ ያጠናው ጆሮ ነው። ጌታቸው መኩሪያ ሽለላንና ፉከራን በሳክስፎን ሲጫወት፣ ትንፋሹ የሚቆረጥበት ቦታ የፎካሪው ትንፋሽ የሚቆረጥበት ቦታ ነበር። አንድ የውጭ ሀገር ዳኛ ይህን ሰምቶ “ኮርዱ አይቀያየርም፤ ቀላል ነው” ቢል አልፈርድበትም፤ የራሳችን ዳኛ እንዲህ ሲል ግን ዝም ልል አልችልም።

በሀገር ውስጥ ያለው ችግር ሌላ መልክ አለው። ጆሯችን ግጥም ይከተላል። ዘፈን ስንሰማ መጀመሪያ የምንይዘው ስንኙን ነው፤ ሽልማቶቻችንም ትኩረታቸው ድምፃዊው፣ ዜማውና ግጥሙ ላይ ነው። ቃል የሌለው ሙዚቃ እዚህ ሚዛን ላይ ሲወጣ ቅኔን በልቦለድ መመዘኛ እንደ መለካት ይሆናል። በሬዲዮ የመሣሪያ ሙዚቃ ስንት ጊዜ ነው በአስተዋዋቂው ድምፅ ሥር ተቀብሮ፣ የሠራው ሰው ስም ሳይጠራ የሚያልፈው? ተጫዋቹ ለዓመታት ልምምድ ያደረገበት ሥራ የማስታወቂያ ማጀቢያ ሆኖ ይቀራል።

በውጭው ዓለምም ጉዳዩ ገና አልተፈታም። ግራሚ ለ2024ቱ ሽልማት “ምርጥ የአፍሪካ ሙዚቃ ሥራ” የሚል ዘርፍ ሲከፍት፣ በመግለጫው ከዘረዘራቸው የሙዚቃ ዓይነቶች አንዱ ኢትዮ ጃዝ ነው። ስሙ መጠራቱ ያስደስታል። ነገር ግን እዚያው ዝርዝር ውስጥ አፍሮቢትስ፣ አማፒያኖ፣ ቦንጎ ፍላቫና ሌሎችም አሉ፤ የመጀመሪያውንም ሽልማት ያገኘችው ደቡብ አፍሪካዊቷ ታይላ በዓለም ዙሪያ በተደነሰበት “ወተር” በተባለው ዘፈኗ ነው። ዘፈኑ ሽልማቱ ይገባዋል። በአንቺ ሆዬ ቅኝት የተሠራ የስምንት ደቂቃ የመሣሪያ ሥራ ግን ከእሱ ጋር በምን ይለካል? በ2011 የላቲን ጃዝ ሰዎች የጠየቁት ጥያቄ ዛሬ የእኛ ሆኖ ተቀምጧል። የውጭውን መልስ ከመጠበቃችን በፊት የራሳችንን ቤት ማስተካከል እንችላለን።

የሚቀርቡብኝን መከራከሪያዎች አውቃለሁ። በዓመት የሚወጣው የኢትዮ ጃዝ አልበም ጥቂት ነው ይባላል። ልክ ነው፤ ስለዚህ ዘርፉ በሁለት ዓመት አንዴ ይሰጥ፤ ከአልበም ሌላ ነጠላ ሥራና የመድረክ ቀረጻም ይካተትበት። ዘርፍ ሲበዛ ሽልማት ይረክሳል የሚሉም አሉ። ሽልማትን የሚያረክሰው ዳኛው የማያውቀውን ሲሸልም ነው። ጃዝን ለብቻ ማግለል ይሆናል የሚሉ ደግሞ ይህን ያስቡበት፦ በራሱ ዘርፍ የተወዳደረ አልበም ለዓመቱ ምርጥ አልበም እንዳይታጭ የሚከለክል ደንብ ማውጣት አያስፈልግም፤ ሁለቱም በር ክፍት ይሁን።

አዘጋጆች ሆይ፣ ከእናንተ የምንጠይቀው በመጪው የሽልማት ዙር ደንባችሁ ላይ “ምርጥ የኢትዮ ጃዝ ሥራ” የሚል ዘርፍ እንድትጽፉና ዳኝነቱን እንድታስቡበት ነው። በሞባይል መልእክት በሚሰበሰብ ድምፅ ብቻ የሚወሰን ከሆነ ዘርፉ ቢከፈትም ዋጋ የለውም፤ ብዙ ተከታይ ያለው ያሸንፋል፣ አለቀ። ከዳኞቹ ቢያንስ ግማሾቹ መሣሪያ የሚጫወቱ ወይም የሚያቀናብሩ፣ ቅኝትን ከጃዝ ስምምነት ጋር የሚያውቁ ይሁኑ። ከያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት መምህራንን ጋብዙ፤ ከአንጋፎቹም ከወጣቶቹም ጥሩ። እንደ ክሌር ፊሸር ሁሉ፣ በሕጉ የሠራ የውጭ ሀገር ሰው ቢመጣም በሩን አትዝጉበት። የኢትዮጵያን ሙዚቃ ለዓመታት ያጠኑ ባንዶች በቦስተንና በፓሪስ አሉ፤ ከእነሱ ጋር መወዳደር ልጆቻችንን ያጎለብታቸዋል።

ሙዚቀኞች፣ እናንተ ላይ ከበድ ያለ ሥራ አለ። ሽልማት ያልተቀረጸ ሙዚቃን አይመዝንም። በጃንዋሪ 2015 አዲስ አበባ ውስጥ ጣይቱ ሆቴል ሲቃጠል እዚያው የነበረው ጃዛምባ የተባለው የጃዝ መድረክ አብሮ ጠፋ፤ እዚያ በየምሽቱ ይሰማ ከነበረው ስንቱ ተቀርጾ ቀረ? በግራሚ በኩል የሚቀርበው ሥራ ቁጥር ሲያንስ ዘርፉ ለዚያ ዓመት የሚቆምበት ደንብ አለ፤ ዘርፍ በሥራ ብዛት ይኖራል ማለት ነው። ስለዚህ ቅረጹ። በስልክ መቅረጫ ሳይሆን ለውድድር በሚበቃ ጥራት ይሁን። የእያንዳንዱን ተጫዋች ስም፣ መሣሪያውን፣ ቦታውንና ቀኑን ጻፉ። የቅጂ መብታችሁን በአእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን አስመዝግቡ። ባስ ጊታር የተጫወተውን ልጅ ስም መተው ዛሬ ቀላል ይመስላል፤ ሽልማቱ ሲመጣ ግን የሚያከራክረው ያ ነው።

የሬዲዮና የቴሌቪዥን አዘጋጆች፣ ከዚህ ሳምንት ጀምሮ አንድ ነገር አድርጉልን። በፕሮግራማችሁ የመሣሪያ ሙዚቃ ስታጫውቱ የሠራውን ሰውና የሥራውን ርዕስ ጥሩ። ገንዘብ አይጠይቅም።

በዋሽንግተን፣ በሎስ አንጀለስና በሌሎች የአሜሪካ ከተሞች ያላችሁ ሙዚቀኞች፣ የድምፅ መሐንዲሶችና ፕሮዲውሰሮች ደግሞ ሌላ አቅም አላችሁ። ሪኮርዲንግ አካዳሚ ድምፅ የሚሰጡ አባላቱን የሚቀበለው በተቀረጹ ሥራዎች ላይ ስማቸው ካለ ባለሙያዎች ነው፤ ዘርፍ እንዲከፈት ወይም እንዲስተካከል ሐሳብ የሚያቀርቡትም አባላቱ ናቸው። ኪቦርድ ተጫዋቹ ኃይሉ መርጊያ ዋሽንግተን ውስጥ ታክሲ እየነዳ፣ በ1985 የሠራው አልበም በ2013 ዳግም ታትሞ ዓለም ሲሰማው፣ በ2018ም “ላላ በሉ”ን ሲያወጣ ከተማው ውስጥ ስንት የእኛ ባለሙያ ነበር? ለአባልነት አመልክቱ፤ እርስ በርስ ተደጋገፉ። ድምፅ ስትሰጡም የላቲን ጃዝን ዘርፍ አትርሱ። በእስራኤል ያላችሁም፣ ሳክስፎን ተጫዋቹ አባተ በሪሁን ከፒያኒስቱ ይጽሐቅ ይዲድ ጋር “ራስ ደሸን” ብለው የሠሩትን የመሰሉ ሥራዎች ወደ ሀገር ቤት ሽልማት እንዲላኩ አግዙ።

አንባቢዬ፣ አንተም አንቺም ከዚህ ጥሪ ውጪ አይደላችሁም። በዚህ ወር ውስጥ አንድ ደብዳቤ ወይም ኢሜይል ለምትከታተሉት የሙዚቃ ሽልማት አዘጋጅ ላኩ፤ ግልባጩን ለስፖንሰሩ አድርጉት፤ አዘጋጆች የስፖንሰርን ጥያቄ ቶሎ ይመልሳሉ። ረጅም መሆን አያስፈልገውም። የምትወዱትን አንድ የኢትዮ ጃዝ ሥራ ርዕስና የሠሩትን ሰዎች ስም ጻፉ፤ ከሥሩ “ይህ ሥራ በእናንተ ሽልማት በየትኛው ዘርፍ፣ በማን ተዳኝቶ ይወዳደራል?” ብላችሁ ጠይቁ። ያገኛችሁትን መልስ ለወዳጆቻችሁ አካፍሉ። ወር ሙሉ መልስ ካልመጣ ያንኑ ደብዳቤ ሦስት ሰው ጨምራችሁ አስፈርሙና ድጋሚ ላኩት።