ስም የሌለው ዘፈን፦ በመካነ ሰላም ዲጄዎች ፍላሽ ውስጥ ያለው ምንድን ነው?

ጥር ሲቃረብ መካነ ሰላም ላይ ድንኳን አከራዩ፣ ዲኮር ሠሪው፣ ቪዲዮ ቀራጩና ዲጄው እኩል ሥራ ይበዛባቸዋል። ከዐቢይ ጾም በፊት መጋባት ያለበት ሁሉ በዚያች አጭር ጊዜ ውስጥ ይጋባል። የሌሎቹ ዝግጅት በዓይን ይታያል፤ ድንኳኑ ይተከላል፣ አበባው ይደረደራል፣ ካሜራው ይቆማል። የዲጄው ዝግጅት ግን ኪሱ ውስጥ ነው። አውራ ጣት የምታክል ፍላሽ!

ይህች ፍላሽ ትንሽ ነገር ትመስላለች። ግን ሙሽሮቹ ድንኳኑ በር ላይ ደርሰው ፍላሿ አልከፈት ብትል፣ የሁለት ቤተሰብ የወራት ድካም በዝምታ ይቀበላቸዋል። ጉዳዩ በዚህ ቢያበቃ የአንድ ባለሙያ የሥራ ችግር ብሎ ማለፍ ይቻል ነበር። አያበቃም። ቦረና፣ ሳይንትና በአካባቢው ያለው ደጋ ምን ሲዘፍንና በምን ሲጨፍር እንደኖረ የሚናገረው ማስረጃ ዛሬ በብዛት ያለው ቤተ መጻሕፍት ውስጥ አይደለም። በእነዚህ ፍላሾች ውስጥ ነው።

"ዘመኑ የኢንተርኔት ነው፤ ዩቲዩብ እያለ ፍላሽ ምን ያደርጋል?" የሚል አይጠፋም። መልሱን ክልሉ ራሱ አይቶታል። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ነበር። በእነዚያ ወራት ሰው መጋባቱን፣ ልጅ ማስጠመቁን፣ ዒድ ማክበሩን አላቆመም። ዘፈኑና መንዙማው የተሰማው ከደመና ላይ ወርዶ አይደለም፤ ቀደም ብሎ በፍላሽና በሚሞሪ ተጭኖ ከነበረው ነው። መብራት በሚቆራረጥበትና ኔትወርክ በማይታመንበት ከተማ ፍላሽ ኋላቀርነት አይደለም። ጎተራ ነው።

ጎተራ ግን አያያዝ ይፈልጋል። የብዙዎቹ ፍላሽ ቢከፈት ምን ይገኛል? "ትራክ 01"፣ "ትራክ 02"፣ "ያልታወቀ ድምፃዊ"፣ "አዲስ ፎልደር"፣ "አዲስ ፎልደር 2"። አንዱ ዘፈን በአራት ዓይነት የላቲን ፊደል አጻጻፍ አራት ጊዜ ተቀምጧል። መካከል ላይ የተቆረጠ አለ፤ መጀመሪያው ላይ የሙዚቃ ቤት ማስታወቂያ የተለጠፈበትም አለ። ዲጄው ዘፈኑን የሚያገኘው በስሙ ፈልጎ ሳይሆን ቦታውን በቃሉ ስለያዘ ነው። እሱ ታሞ ሌላ ሰው ቢተካው ያ ፍላሽ ጭለማ ቤት ይሆንበታል።

ማስተካከሉ ገንዘብ የሚጠይቅ ሥራ አይደለም። ትዕግሥት ነው የሚጠይቀው።

በመጀመሪያ ጥራቱ። በሴኮንድ 320 ኪሎቢት የተቀዳ ኤምፒ3 በደቂቃ 2.4 ሜጋባይት ያህል ይይዛል። የአምስት ደቂቃ ዘፈን 12 ሜጋባይት ነው ማለት ነው። አንድ ባለ 32 ጊጋባይት ፍላሽ እንዲህ ያለ ዘፈን ከ2,500 በላይ ይሸከማል። ለአንድ ሰርግ ይህ ከበቂ በላይ ነው። ስለዚህ ቦታ ለመቆጠብ ተብሎ ዘፈን መጭመቅ ምክንያት የለውም። በ128 የወረደውን ወደ 320 መቀየር ደግሞ ጠላ ላይ ውኃ ጨምሮ ጋን መሙላት ነው፤ መጠኑ ይጨምራል እንጂ የጠፋው ድምፅ አይመለስም። በጆሮ ማዳመጫ ደህና የመሰለው ዘፈን በትልቅ ስፒከር ሲለቀቅ የሚጮኸውና የሚሰነጠቀው ለዚህ ነው።

ሁለተኛው ፎርማቱ ነው። ብዙ የዲጄ ማጫወቻዎችና የቆዩ ስፒከሮች ፋት 32 የሚባለውን ያነባሉ፤ ኤንቲኤፍኤስ የሆነውን ብዙዎቹ አያዩትም። ዊንዶውስ ደግሞ ከ32 ጊጋባይት በላይ የሆነን ፍላሽ በተለመደው መንገድ በፋት 32 አያዘጋጅም። ላፕቶፑ ላይ የሠራው ፍላሽ ድንኳን ውስጥ "ባዶ ነው" የሚባለው ብዙ ጊዜ በዚህ ነው። ገበያ ላይ 128 ጊጋባይት ተብሎ የሚሸጥ፣ ውስጡ ግን ከዚያ በጣም ያነሰ ፍላሽም አለ። እስኪሞላ ድረስ ጭኖ መልሶ ማጫወት ከሰርጉ በፊት እንጂ በሰርጉ ዕለት የሚደረግ አይደለም።

ሦስተኛው ቅጂ ነው። አንድ ፍላሽ ብቻ ያለው ዲጄ ፍላሽ የለውም ማለት ይቻላል። ሁለት ተመሳሳይ ፍላሽ ኪስ ውስጥ፣ ሦስተኛ ቅጂ ቤት በተቀመጠ ሃርድ ዲስክ። መብራት ድንገት በሚጠፋበት አገር፣ እየተጫነ ሳለ የተቋረጠ ፍላሽ ሙሉ በሙሉ ሊበላሽ ይችላል።

አራተኛው ከሁሉ ይበልጣል፤ ስም። የዘፋኙ፣ የዘፈኑ፣ ከተቻለም የግጥምና ዜማ ደራሲው ስም፣ ዓመቱና አካባቢው። አንዳንድ የቆዩ ማጫወቻዎች የግዕዝ ፊደልን ባዶ ሳጥን አድርገው ስለሚያሳዩ የፋይሉን ስም በላቲን ጽፎ፣ ከዘፈኑ ጋር በሚሄደው መረጃ ውስጥ በአማርኛ መድገም ይቻላል።

እዚህ ላይ ማሽኑ የማያውቀው ነገርም አለ። የዲጄ ሶፍትዌሮች የዘፈንን ፍጥነት ራሳቸው ይለካሉ፤ ሲለኩ ግን አራት በአራት ምት ነው ብለው ተነሥተው ነው። እስክስታ የሚወርድበት የአማርኛ ዘፈን ብዙው በስድስት ስምንተኛ ምት የሚሄድ ስለሆነ ቁጥሩ ይዛባል። ስለዚህ አንዱን ዘፈን ከሌላው የሚያገጣጥመው ቁጥሩ ሳይሆን የዲጄው ጆሮ ነው። የትኛው ትዝታ፣ የትኛው ባቲ፣ የትኛው አምባሰል፣ የትኛው አንቺ ሆዬ እንደሆነ የሚለይ ሶፍትዌርም ከገበያ አይገዛም። ከአራቱ ቅኝቶች ሁለቱ፣ ባቲና አምባሰል፣ የወሎ ቦታዎችን ስም ይዘዋል። የወሎ ዲጄ ፎልደሩን በቅኝት ቢለይ ማን ይቀድመዋል?

ስም የሌለው ዘፈን ባለቤት የለውም። ነገሩ ከቴክኒክ ወደ ፍትሕ የሚሻገረው እዚህ ላይ ነው። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ሥራን ለሕዝብ ማቅረብን ከባለመብቱ መብቶች አንዱ አድርጎታል። ማሻሻያው አዋጅ ቁጥር 872/2007 ደግሞ ክፍያው በጋራ አስተዳደር ማኅበር በኩል የሚሰበሰብበትን መንገድ ከፍቷል። ነገር ግን ለማን ይከፈል? "ትራክ 07" የባንክ ደብተር የለውም። የተዘፈነውን በስም የሚመዘግብ ዲጄ በሌለበት ምድር የሮያሊቲ ሕግ ወረቀት ላይ ይቀራል። ዲጄውን ሌባ ብሎ መስደብ ቀላል ነው፤ ሙዚቃ በሕጋዊ መንገድ የሚገዛበት ሱቅ ባልተከፈተለት ከተማ ግን ፍርዱ ሚዛን ያንሰዋል። ከእሱ ዛሬ ሊጠየቅ የሚገባው ስም እንዲጽፍ ነው። ክፍያው የሚመጣበትን መንገድ መሥራት የመንግሥትና የባለሙያ ማኅበራት ድርሻ ነው።

ስም ያለው ቅጂ ምን እንደሚያመጣ ታሪክ ያሳያል። አምሃ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 አምሃ ሪከርድስን ከፍቶ ያሳተማቸው ሸክላዎች ስምና ዓመት ይዘው ስለቆዩ፣ ከ30 ዓመት ገደማ በኋላ ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ "ኢትዮፒክስ" በተባለው ተከታታይ አልበም ለዓለም አሰማቸው። ማሪቱ ለገሰ ዛሬም የአምባሰል ንግሥት የምትባለው ድምፅዋ ስሟን ይዞ ስለተቀመጠ ጭምር ነው። በአንድ የቦረና ሰርግ ላይ በስልክ የተቀዳ አዝማሪ ግን፣ ፋይሉ ላይ ስሙ ካልተጻፈ፣ ከአሥር ዓመት በኋላ ማን ነበር ቢባል የሚመልስ አይገኝም። መንዙማ አውጪውም እንዲሁ።

"አገር በዚህ ጭንቅ ላይ እያለች ስለ ፍላሽ ይወራል?" የሚል ካለ ጥያቄው ተገቢ ነው። ሰው መንገድ ላይ በሰላም ወጥቶ መግባት የሚቀድም ጉዳይ ነው። ግን በጭንቅ ጊዜ ቀድሞ የሚጠፋው ማንም ያልመዘገበው ነገር ነው። ኋላ ሰላም ሲመጣ ሕንፃ ይሠራል፣ መንገድ ይጠገናል። የጠፋ ድምፅ ግን በጀት አይመልሰውም።

ስለዚህ ከተማው ውስጥ ካምፓስ ያለው መቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ ጥቂት ተማሪዎችን መድቦ ከዲጄዎችና ከሙዚቃ ቤቶች ጋር በፈቃዳቸው ቢሠራ፣ ያላቸውን ቢቀዳ፣ ሽማግሌዎችን ጠይቆ ስም ቢሰጥ፣ አንድ ቅጂ ለራሱ ቢያስቀር ትልቅ ነገር ነው። የወረዳው ባህል ጽሕፈት ቤት ከበዓል ትርዒት በተጨማሪ አንድ ሃርድ ዲስክ ቢኖረው አይከብደውም። ዲጄዎቹም ለዘንድሮው ጥር ሲዘጋጁ በቀን 20 ዘፈን ብቻ ስም ቢሰጡ፣ በሁለት ወር ከሺህ በላይ ይሆናል።

ሰርጉ በአንድ ቀን ያልቃል። ድንኳኑ ይነቀላል፣ አበባው ይጠወልጋል። ያቺ ፍላሽ ግን ወደ ኪስ ትመለሳለች። ይዛ የምትመለሰው የወሎን ድምፅ ነው ወይስ "ትራክ 01"ን? ይህን የሚወስነው ከሰርጉ በፊት ባሉት ምሽቶች የሚሠራው ሥራ ነው።