ስለ ጨዋታ ሕግና ስለ ዳኛው

ልጆች ሆይ፥ ሕግ ከተጻፈ ዳኛ አያስፈልግም፥ ማንበብ ብቻ ይበቃል የሚሉ ሰዎች አሉ። እኔ ግን እንዲህ አይመስለኝም፤ በጨዋታ እንኳ አንዱ ቃል በሁለት መንገድ ሲፈታ ይታያልና።

በአሜሪካ አገር ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን የሚባሉ ሁለት ሰዎች በፈረንጆች አቈጣጠር በ1974 ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ የሚባል ጨዋታ በሦስት ትንንሽ መጻሕፍት አወጡ። ጨዋታው እንደ ሰንጠረዥና እንደ ገበጣ አይደለም። ተጫዋቾቹ በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው፥ አንዱ ጦረኛ ነኝ፥ አንዱ አስማተኛ ነኝ እያለ፥ ታሪክን በቃል ይጫወታሉ። ከመካከላቸው አንዱ ታሪኩን ይመራል፤ በጠላቶቹም ፈንታ ይጫወታል፤ ክርክር ሲነሣም ዳኛው እርሱ ነው። መምታትና መሳት የሚታወቀው ዳይስ በመጣል ነው፤ ይኸውም ሀያ ፊት ያለው፥ በየፊቱ ቍጥር የተጻፈበት ትንሽ ነገር ነው። ቍጥሩ ከበቃ ይመታል፥ ካነሰ ይስታል።

በ2014 በታተመው የጨዋታው መጽሐፍ፥ ስለ ተሰወረ ሰው እንዲህ የሚል ሕግ ነበረ። ፊተኛው፥ የተሰወረ ያለ አስማት ወይም ያለ ልዩ ስሜት አይታይም። ሁለተኛው፥ የተሰወረውን ሊመታ የሚሻ ዳይሱን ሁለት ጊዜ ጥሎ ትንሹን ቍጥር ይውሰድ። እንግዲህ አስማተኛው ስውሩን በሚያሳይ አስማት ጠላቱን ቁልጭ አድርጎ ቢያየው፥ አሁንም ሁለት ጊዜ ይጣልን? ቃሉን ብቻ የሚያነብ አዎን ይላል፤ ሁለተኛው ሕግ «ካላየው» አይልምና። ምክንያቱን የሚመረምር ግን፥ መምታትን ያስቸገረው አለማየት ነው፤ ካየው ምን ያስቸግረዋል? ይላል። ነገሩ ቀላል አይምሰላችሁ፤ አንድ ልጅ ዓመት ሙሉ ያሳደገው ጦረኛ በዚህ ፍቺ ሊሞትበት ይችላል።

እኔ ምክንያቱን ከሚመረምረው ጋር ነኝ። ቅኔ ቤት የገባ ሰው ሰሙን ሰምቶ ወርቁን ሳይፈልግ አይነሣምና። ነገር ግን በቃሉ የሚጸኑትም ሞኞች አይደሉም። ዳኛው የጠላቶቹ ተጫዋች ደግሞ ነውና፥ ምክንያት እየፈለገ ወደ ራሱ ወገን ቢያደላ ማን ያግደዋል? ፍርሃታቸው እውነት ነው። ስለዚህ ዳኛው ፍርዱን ዳይሱ ሳይጣል ይናገር፤ ቍጥሩ ከታየ በኋላ የተሰጠ ፍርድ ቅን ቢሆን እንኳ አይታመንም። ዛሬ ለአስማተኛው የፈረደውንም፥ ነገ ተጫዋቹ ተሰውሮ ጠላት ባየው ጊዜ እንዲሁ ይፍረድ።

በ2024 የታተመው አዲሱ መጽሐፍ፥ የሚያየው ካለ ስውሩ በዚያ ላይ ይህን ጥቅም አያገኝም ብሎ ክርክሩን ቈረጠው። እስከዚያ ግን ዐሥር ዓመት ሙሉ በየጠረጴዛው የሚፈርደው ዳኛው ነበር። ሌላ የሚያጠራጥር ቃል ሲገኝም ያው ነው፤ ዳኛው የፈረደውን በወረቀት ቢጽፈው ይሻላል፥ በሚመጣው ሳምንት ነገሩ ሲነሣ አውጥቶ ያነብላቸዋል።