ወረቀት የለበሰ ካቢኔት ስንት ያወጣል?

በልደታ ኮንዶሚኒየም ቤት የሚያከራይ ሰው ያረጀውን የወጥ ቤት ካቢኔት አውልቆ አዲስ ከማሠራት በሚለጠፍ የግድግዳ ወረቀት ማልበስ ቢመርጥ አይፈረድበትም። ብሔራዊ ባንክ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ምንዛሪውን ለገበያ ሲለቀው፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብር ተሻግሯል። ከውጭ የሚገባ ኤምዲኤፍም ሆነ ማጠፊያ የሚሰላው በዚሁ ነው። (ወረቀቱም የውጭ ዕቃ ነው፤ ግን ለአንድ ካቢኔት ጥቂት ሜትር ይበቃል።) ድሮም የጭቃ ግድግዳ ጋዜጣ ይለጠፍበት ነበር፤ ያ ግን ጋዜጣ መሆኑ ስለሚነበብ ማንንም አያታልልም።

ችግሩ ሌላ ነው። ቺፕውድ ውኃ ከጠጣ ያብጣል፣ ይፈረፈራል። እብነ በረድ የሚመስለው ወረቀት ጉዳቱን ይሸፍናል እንጂ አያድነውም። ሻጭ ያውቃል፤ ገዢ አያውቅም። አሜሪካዊው ጆርጅ አከርሎፍ እ.ኤ.አ. በ1970 ስለ አሮጌ መኪና ገበያ የጻፈው ይህንኑ ነው፦ ገዢ ደኅናውን ከብልሹው መለየት ካልቻለ ለሁሉም ዝቅ ያለ ዋጋ ይሰጣል፤ ጥሩ ዕቃ ያለውም ከገበያው ይወጣል።

ስለዚህ ደላላው «ታድሷል» ከማለት «ተለጥፏል» ይበል፤ ዋጋውም በዚያው ይቆረጥ። ገዢም ከዕቃ ማጠቢያው ሥር ያለውን ጠርዝ በአውራ ጣቱ ይጫን። ከረገበ ድርድሩ እንደገና ከመጀመሪያው ይጀመር።